ማግኔት ፒክአፕ ለተገጠመለት ቦክስ ጊታር የትኛው ክር ይሻላል?

የቦክስ ጊታር የድምፅ ቀዳዳ ላይ ማግኔት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ወደ አምፕ የሚልክ ዕቃ) ያስገጠመ ሰው ቅሬታው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ሁለተኛው ክር ይጮኻል፣ ሦስተኛው ይሰምጣል። ጃኩ ሳይሰካ ስድስቱም እኩል ይሰማሉ፤ አምፕ ላይ ሲሰካ ግን አንዱ ክር ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣል። ያኔ "ክሩ ፎርጅድ ነው" ይባልና ሌላ ይገዛል፤ እሱም ያንኑ ያደርጋል። ክሩ ምንም አልሆነም፤ ከፒክአፑ ጋር አልተስማማም እንጂ።

ስለዚህ ይህን ግምገማ "ምርጡ ክር ይህ ነው" ብለን መጀመር አንችልም። መጀመሪያ ፒክአፑ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ለነሐስ ክር ታስቦ የተሠራ ከሆነ (ፊሽማን ሬር ኧርዝ፣ ኤልአር ባግስ ኤም1 እና የመሳሰሉት) ተራው የፎስፈር ብሮንዝ ክር ይበቃል፤ ውድ ነገር ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። አሠራሩ ከኤሌክትሪክ ጊታር የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ጥምጥሙን (በወፍራሞቹ ክሮች ዙሪያ የተጠቀለለውን ሽቦ) ማግኔት የሚስበው ክር ይፈለግለታል። ሁለቱ ሲቀያየሩ ነው ጣጣው የሚመጣው፣ ያውም በሁለቱም በኩል።

ማግኔት ፒክአፕ እንጨት አይሰማም። ነገሩ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ከላዩ ብረት ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፣ ሽቦው ውስጥም ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በማግኔት የማይሳብ ነገር ለእሱ እንደሌለ ነው። የቦክስ ጊታር ክር ጥምጥም ደግሞ በማግኔት አይሳብም። 80/20 የሚባለው 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ዚንክ ነው። ፎስፈር ብሮንዝ 92 በመቶ ገደማ መዳብ፣ 8 በመቶ ገደማ ቲን፣ ከትንሽ ፎስፈረስ ጋር። ፒክአፑ ከእነዚህ ክሮች የሚሰማው ከጥምጥሙ ሥር ያለውን ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ዳዳሪዮ ኢጄ16፣ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት የቦክስ ጊታር ክሮች አንዱ፣ ውፍረቱ በኢንች ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው 0.012፣ 0.016፣ 0.024፣ 0.032፣ 0.042፣ 0.053 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ብረት ናቸው። ሦስተኛው ውፍረቱ 0.024 ቢሆንም ውስጠኛው ብረት 0.012 ወይም 0.013 አካባቢ ነው፤ የቀረው ነሐስ ነው። በስፋት ስናሰላው ሁለተኛው ክር ከሦስተኛው ከ1.5 እስከ 1.8 እጥፍ ብረት ይዟል ማለት ነው። የጊታሩ ሣጥን የክሩን ጠቅላላ ክብደት ስለሚሰማ እኩል ያደርጋቸዋል፤ ማግኔቱ ብረቱን ብቻ ስለሚቆጥር ያበላልጣቸዋል።

(በዚሁ ሂሳብ ናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ላይ ማግኔት ፒክአፕ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቀጫጭኖቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ወፍራሞቹ ላይ የሚያብረቀርቀው ጥምጥም ብር የተለበጠ መዳብ ነው። ምንም ድምፅ አይወጣም። "እንግዲያው የብረት ክር ላስርበት" ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ባለ 12 የብረት ክር (አንደኛው ክር 0.012 ኢንች የሆነው) ስድስቱ አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ፣ የክላሲካል ጊታር ገበታና ብሪጅ ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም።)

የትኛው ዓይነት ፒክአፕ እንዳላችሁ በጆሮ ለመለየት ከትዝታ የተሻለ መፈተኛ የለም። ጊታሩን ተራ የፎስፈር ብሮንዝ ክር እሰሩበት፣ አምፑ ላይ ቤዙንም ትሬብሉንም መሐል ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ትዝታ ሜጀርን ከሲ ጀምራችሁ በአንድ መምቻ፣ በአንድ ጉልበት፣ ቀስ እያላችሁ ውጡ፦ ሲ በአምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ዲ በአራተኛው ክር ባዶውን፣ ኢ በአራተኛው ሁለተኛ ፍሬት፣ ጂ በሦስተኛው ባዶውን፣ ኤ በሦስተኛው ሁለተኛ ፍሬት፣ ሲ በሁለተኛው አንደኛ ፍሬት፣ ዲ በሁለተኛው ሦስተኛ ፍሬት፣ ኢ በአንደኛው ባዶውን። ነገሩ የሚለየው ከኤ ወደ ላይኛው ሲ ስትሻገሩ ነው። ድምፁ ዘሎ ከወጣ ፒክአፑ ለነሐስ ክር አልተመጣጠነም። እኩል ከሄደ ተመጣጥኗል። ኮርድ በመምታት ይህን መለየት አይቻልም፤ ኮርድ ውስጥ ይደበቃል። ችግሩ ጎልቶ የሚታየውም ዜማ በነጠላ ኖታ በሚጫወቱ ሰዎች ላይ ነው፣ የእኛ ሀገር አጨዋወት ደግሞ አብዛኛው እንደዚያ ነው።

ፒክአፑን በዓይን ማየትም ይረዳል። ላዩ ላይ ስድስት የብረት ጫፎች ካሉት ሁለተኛው ክር ሥር ያለውን ተመልከቱ። ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ሠሪው ስለ ነሐስ ክር አስቦበታል። ስድስቱም እኩል ከሆኑ ለኒኬል ክር፣ ማለትም ጥምጥሙ ኒኬል የተለበጠ ብረት ለሆነው የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ነው። ሬር ኧርዝን የመሰሉት ላያቸው ድፍን ስለሆነ በዓይን አይታወቅም፤ ለነሐስ ክር የተመጣጠኑት ከውስጥ ነው። ሰንራይዝ የሚባለው ፒክአፕ እና ኤም1 ደግሞ እያንዳንዱ ክር ሥር የሚዞር ብሎን አላቸው፤ የትኛውንም ክር ብታስሩ ማስተካከል ይቻላል። ክር መቀያየር የሚወድ ሰው ከእነዚህ ቢገዛ ይሻለዋል።

የኤሌክትሪክ ዓይነቱ ፒክአፕ ቦክስ ጊታር ላይ የቆየ ነገር ነው። የዲአርመንድ ፒክአፖች አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይሸጡ ነበር። ጊብሰን በ1954 ያወጣው ጄ-160ኢ የፍሬት ሰሌዳው ጫፍ ላይ ለኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራውን ፒ-90 ተገጥሞለታል፤ ጆን ሌኖንና ጆርጅ ሃሪሰን በ1962 የገዙት ይህንን ጊታር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ዛሬ በርካሽ የሚሸጡ፣ ቀዳዳው ላይ ጣል የሚደረጉ ስም የለሽ ፒክአፖች ብዙዎቹ በዚያው መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ስድስት እኩል ጫፍ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ።

አሁን ወደ ክሮቹ።

ዳዳሪዮ ኢጄ16 ለነሐስ የተመጣጠነ ፒክአፕ ካላችሁ መጀመሪያም መጨረሻም የምንመክረው ነው። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 10 ዶላር አካባቢ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ከአንዱ ፓኬት ወደ ሌላው ልዩነት የለውም። የ80/20 ወንድሙ ኢጄ11 ውፍረቱ ያው ነው፤ ሳይሰካ ሲመታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ይደምቃል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ሙሉ በሙሉ ተሰክታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ በሁለቱ መካከል ለመምረጥ ጊዜ አታባክኑ። ፒክአፑ ነሐሱን ስለማያየው ልዩነታቸው በአምፕ ውስጥ ስስ ነው፤ የሚቀረው የክብደታቸውና ንዝረቱን ቶሎ ወይም ቀስ ብለው የማቆማቸው ነገር ብቻ ነው። ጣት የሚደክመው ሰው ኢጄ26ን ይውሰድ፤ 0.011፣ 0.015፣ 0.022፣ 0.032፣ 0.042፣ 0.052 ነው። ለማግኔት ፒክአፕ ይህኛው ሌላም ጥቅም አለው፤ ሁለተኛው ክር 0.015 በመሆኑ ትንሽ ይለዝባል።

ኤሊክሰር ናኖዌብ ከ15 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ማግኔት ፕላስቲክ አይመለከተውም፣ ስለዚህ በፒክአፕ በኩል ምሉዕ ነው፣ የሚቀንሰውም የሚጨምረውም የለም። የምትከፍሉት ለዕድሜው ነው። የክር ድምፅ የሚሞተው ላብና ቆሻሻ በጥምጥሙ መሐል ሲገባ ነው፤ ይህ ሽፋን ከጥምጥሙ በላይ ስለሆነ ያንን ይከለክላል። እጁ የሚያልበው ሰው፣ ወይም በየሳምንቱ ለመዘምራን የሚጫወትና ክር የሚያመጣለት ዘመድ በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው፣ ልዩነቱን ቢከፍል አይቆጨውም። የምንነቅፈው አንድ ነገር መምቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሽፋኑ እየተላጠ እንደ ጥጥ መንጠልጠሉ ነው። ድምፁን እምብዛም አይጎዳም፣ ግን ለዓይን ደስ አይልም።

ዳዳሪዮ ኒኬል ብሮንዝ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፓኬቱ ላይ "ኒኬል" የሚለውን አይቶ ለማግኔት ፒክአፕ የተሠራ ይመስለዋል። ጥምጥሙ ኒኬል የተለበጠ ፎስፈር ብሮንዝ ነው፤ ልባጡ እጅግ ስስ ስለሆነ ለማግኔቱ ነሐስ እንደሆነ ነው የሚቀረው። ክሩ መጥፎ አይደለም። ሳይሰካ ሲመታ የጊታሩን እንጨት ድምፅ በደንብ ያወጣል፤ የተጋነነ ብርቅርቅታ የለውም። ለሬር ኧርዝ ይሆናል፤ የሁለተኛው ክር ጩኸት እንዲጠፋላችሁ ብላችሁ ከሆነ ግን አትግዙት። የኧርኒ ቦል አሉሚኒየም ብሮንዝም እንዲሁ ነው፤ መዳብና አሉሚኒየም ነው፣ ለማግኔት ባዳ።

የማርቲን ሬትሮ፣ ከሞኔል የተሠራው፣ መሐል ላይ የሚቀመጥ ክር ነው። ሞኔል ሁለት ሦስተኛው ገደማ ኒኬል፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው፤ በክፍል ሙቀት በማግኔት በደካማው ይሳባል። ስለዚህ የወፍራም ክሮቹን ድምፅ ትንሽ ከፍ ያደርጋል እንጂ ብረት ጥምጥም እንደሚያደርገው አያስተካክለውም። ሞኔል የባሕር ውኃ የማይበላው፣ ለመርከብ ዕቃ የሚያገለግል ብረት ነው፤ ላብም ብዙ አይጎዳው፣ ሳይሸፈንም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ድምፁ ደረቅና ሙቅ ነው፣ እንደ አዲስ ፎስፈር ብሮንዝ አያብለጨልጭም። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሰምቶ "ያረጀ ክር ነው የሸጡልኝ" ይላል። ጥቂት ቀን ታገሱት። ባለ 12ቱ እንደ ማርቲን ልማድ ከ12 እስከ 54 ነው፤ ሦስተኛው 0.025።

ለኤሌክትሪክ ዓይነት ፒክአፕ በተለይ የተሠሩት ሁለቱ ዲአር ዜብራ እና ጂኤችኤስ ዋይት ብሮንዝ ናቸው። ዜብራ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፦ ጥምጥሙ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች ነው፣ አንዱ ፎስፈር ብሮንዝ፣ አንዱ ኒኬል የተለበጠ ብረት፤ ክሩ ወርቅማና ብርማ ሆኖ ይዥጎረጎራል። ግማሹን ማግኔት ይሰማዋል፣ ግማሹ ደግሞ ለሣጥኑ የነሐስ ድምፅ ያስቀርለታል። ትዝታውን በዜብራ ስትፈትኑት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ክር የነበረው ዝላይ በጣም ይቀንሳል። ዋይት ብሮንዝ በስሙ ነሐስ ይባል እንጂ ጥምጥሙ በማግኔት የሚሳብ ቅልቅል ብረት ነው፤ ከዜብራ ይልቅ ወደ ኤሌክትሪክ ያዘነብላል፣ ሳይሰካ ደግሞ ድምፁ ከነሐስ ትንሽ ይጠባል። ከሁለቱ እኛ ዜብራን እናስቀድማለን፤ ቤት ውስጥ ሳይሰኩ ለሚለማመዱበት ጊታር ይሻላል። ችግሩ ማግኘቱ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሱቆች በአብዛኛው የሚይዙት ተራውን ነሐስ ስለሆነ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ሰው የክሩን ሙሉ ስምና "ባለ 11" ወይም "ባለ 12" የሚለውን ጽፋችሁ ላኩለት። "የጊታር ክር አምጣልኝ" ብቻ ከተባለ የኤሌክትሪክ ባለ 9 ይዞ ይመጣል።

እነዚህ ካልተገኙ ብልህ መውጫ አለ፤ ዳዳሪዮ ኢጄ21። ለጃዝ ኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራ ኒኬል ለበስ ክር ነው፣ ውፍረቱ ግን 0.012፣ 0.016፣ 0.024፣ 0.032፣ 0.042፣ 0.052 ነው፤ ከኢጄ16 ጋር ሲተያይ ስድስተኛው ላይ በአንድ ሺኛ ኢንች ብቻ ይለያል። ከሁሉ በላይ ሦስተኛው ክር የተጠመጠመ ነው። ኤሌክትሪክ ዓይነት ፒክአፕ ባለው ጊታር ላይ ሲታሰር ስድስቱም ክሮች ቦታቸውን ይይዛሉ። ሳይሰካ ሲመታ ግን ድምፁ ይደርቃል፤ የነሐስ ጥራቱና ተንጠልጥሎ የሚቆየው ርዝመቱ ይጎድላል። ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚጫወት ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። መዝሙር ቤት ውስጥ አንዳንዴ ተሰክቶ አንዳንዴ ሳይሰካ ለሚጫወት ግን ኪሳራ ነው።

ተራውን የኤሌክትሪክ ክር፣ ባለ 10 እስከ 46ን፣ ቦክስ ጊታር ላይ ማሰር አንመክርም፤ ብዙ ሰው ለጣት ይቀላል ብሎ ያደርገዋል። ቅለቱ እውነት ነው። ችግሩ ሦስተኛው ክር ያልተጠመጠመ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ፣ ሙሉ ብረት ስለሆነ አሁን ደግሞ እሱ ይጮኻል፤ የሁለተኛው ክር ችግር ወደ ሦስተኛው ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። ሁለተኛ፣ የቦክስ ጊታር ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ቁራጭ) ለተጠመጠመ ሦስተኛ ክር የተሞረደ ነው፤ ያልተጠመጠመው ወደ ኋላ መቀመጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ባዶውን ተቃኝቶ ሳለ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይሾላል፣ መቃኛ ላይ በመርፌው ታዩታላችሁ፣ ብትቃኙትም አይስተካከልም። ሦስተኛ፣ ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። በ648 ሚሊሜትር ርዝመት 0.024 የተጠመጠመ ሦስተኛ ክር 13.7 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፤ በእሱ ቦታ 0.017 ያልተጠመጠመ ቢገባ 7.5 ኪሎ ገደማ ነው። ሰፊ ተቆርጦ የነበረው የነት (የአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ) ቦይ ውስጥ ቀጭኑ ክር ይወዛወዛል፣ ባዶ ሲመታም ይንዛረጣል።

ከባለ 12 ወደ ባለ 11 ወይም ባለ 10 ስትወርዱ አንገቱም ይለወጣል። ጉልበቱ ሲቀንስ አንገቱ ወደ ኋላ ቀና ይላል፣ ክሮቹ ፍሬቱን መንካት ይጀምራሉ። ስድስተኛውን ክር አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከሣጥኑ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑና መሐል፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፤ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ምንም ክፍተት ከሌለ የአንገቱን ብረት (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ) ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር ብቻ አላሉ፣ እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ለኩ። በአንድ ቀን ከግማሽ ዙር በላይ አትሂዱ።

ለነሐስ በተመጣጠነ ፒክአፕ ላይ ኒኬል ማሰርስ? ተቃራኒው ይመጣል። ፒክአፑ የወፍራሞቹ ክሮች ጥምጥም እንደማይሰማው ተደርጎ ነው የተመጣጠነው፤ አሁን ሲሰማው አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ክሮች ያብጣሉ፣ ቀጫጭኖቹ ይቀራሉ። ሬር ኧርዝ ላይ ኢጄ21 አስሮ "ቤዙ በዛብኝ" የሚል ሰው ሚክሰሩ ላይ ቤዙን ቢቀንስ አይፈታለትም፤ የሦስተኛው ክር ጥልቀት አብሮ ይቀንስበታል። ክሩን ይፍታው።

የፒክአፑ አቀማመጥ የክር ምርጫን ያህል ሥራ ይሠራል። የመጨረሻው ፍሬት ላይ አንደኛውንና ስድስተኛውን ክር ተጫኑ፤ ከፒክአፑ ላይ እስከ ክሩ ሥር 3 ሚሊሜትር ያህል ይኑር። ከዚያ በላይ ከራቀ ድምፁ ይደክማል፤ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፣ ኖታው ይንቀጠቀጣል፣ ከፍ ባሉት ፍሬቶች ላይ ቅኝቱም ይዛባል። ቀዳዳው ላይ የሚቆነጠጡት ፒክአፖች ከፍታቸው ስለማይስተካከል ከመቆንጠጫው ሥር ስስ ቡሽ ማድረግ ይቻላል፤ በቀጫጭኖቹ በኩል ብቻ ዝቅ ብትሉ ሁለተኛው ክር ከአንደኛው ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አንደኛው ብዙ ቦታ ስለሌለው ከመጠን በላይ አታድርጉት። ብሎን ያላቸው ላይ የሁለተኛውን ብሎን በግማሽ ዙር እያወረዱ፣ በየመሐሉ ያችኑ ከኤ ወደ ሲ የምትሻገረዋን ትዝታ እየደገሙ መሄድ ነው። ከሁለት ዙር በላይ ከጠየቀ ችግሩ የክሩ ዓይነት ነው።

ክር ስትቀይሩ ፒክአፑን በጨርቅ ሸፍኑ። የተቆረጠ የክር ጫፍ፣ ፍሬት የሚወለወልበት የብረት ሱፍ፣ ሁሉም ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ በተለይ የሬር ኧርዝ ኒዮዲሚየም ማግኔት ከያዘ አይለቅም። እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ ክሩን እየነካ የሚፈጥረው ንዝረት ፍሬት ያለቀ ያስመስላል። በሰፊ የማጣበቂያ ፕላስተር ተጭናችሁ ላጡት።

ፓኬቱን ለማያምን ሰው አንድ ቀላል ፈተና አለ። አምስተኛውን ክር ካሰራችሁ በኋላ የተረፈውን ጫፍ ቁረጡና ጥምጥሙን በፒንሳ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ፍቱት። የተፈታውን ሽቦ ብቻ ወደ ትንሽ ማግኔት አስጠጉ። ነሐስ ከሆነ አይንቀሳቀስም። ቢጫ ሆኖ ሳለ ከተለጠፈ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው የገዛችሁት። ክሩን ሳይፈቱ መሞከር ጥቅም የለውም፤ ውስጠኛው ብረት ሁሉንም ያስለጥፋል። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለው የተቀባ ክር ለኤሌክትሪክ ዓይነት ፒክአፕ ከእውነተኛው ነሐስ ይልቅ ሚዛኑ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ ሲለቅ ግን ብረቱ ይዝጋል፣ የጣትንም ጫፍ ያጠቁራል። ዳዳሪዮ ከሆነ የክሩ ጫፍ ቀለበቶች ቀለም አላቸው፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ናስማ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ብርማ። ሲታሰርም ቅደም ተከተሉን ያሳያል።

በክር የሚሳበቡ ግን የክር ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። ሬር ኧርዝ በትናንሽ የሰዓት ዓይነት ባትሪዎች ነው የሚሠራው፤ ሲደክሙ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይሳሳል፣ ልክ የሞተ ክር ይመስላል። ክር ከመቀየር በፊት ባትሪውን ቀይሩ። ሁለተኛው የመብራቱ እምምታ ነው፤ በእኛ ሀገር 50 ሄርዝ ስለሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ አለው። አንድ ጥቅል ብቻ ያላቸው ፒክአፖች ዘንጋቸው ወደ ፍሎረሰንት መብራት ወይም ወደ ትራንስፎርመር ሲዞር ይጮኻሉ። የትኛውም ክር ይህን አይቀንሰውም፤ ቦታችሁን በሩብ ዙር ቀይሩና ስሙት፣ ካልበቃ ሁለት ጥቅል ያለው ፒክአፕ ነው መድኃኒቱ።

ፒክአፑንም ክሩንም መቀየር ለማይፈልግ፣ ብሎንም ለሌለው፣ ከሁሉ ርካሹ መላ ሁለተኛውን ክር ብቻ መቀየር ነው። ነጠላ ያልተጠመጠመ ክር ለብቻው ይሸጣል፤ የዳዳሪዮ ስያሜው ፒኤል014፣ ፒኤል015፣ ፒኤል016 እያለ በውፍረቱ ነው። ከ0.016 ወደ 0.015 መውረድ ብረቱን በ12 በመቶ፣ ወደ 0.014 መውረድ በ23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጉልበቱ ከ10.6 ኪሎ ወደ 9.3 ወይም ወደ 8.1 ኪሎ ይወርዳል፤ ኮርድ ስትይዙ ሁለተኛው ክር ከጎኖቹ ይልቅ ሲለሰልስ በጣታችሁ ይሰማችኋል፣ በተለይ 0.014 ላይ። መጀመሪያ 0.015ን ሞክሩ። የተቀሩት አምስቱ ክሮች አሮጌ ከሆኑ ግን ሁሉንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አዲስ ሁለተኛ ክር በአምስት የደከሙ ክሮች መሐል ቀጭን ቢሆንም መጮኹን አይተውም።